ፈንገስን የሚቋቋሙ የአጥቢ እንስሳት ኢንዛይሞች፦ ዳሰሳ

በምድር ላይ የሚገኙት የፈንገስ ዝርያዎች በሚሊዮን የሚገመቱ ሲሆኑ፣ ሰውን ለሕመም የሚዳርጉት ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ዘልቀው ሕይወት የሚያጠፉት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ሙቀት ነው። ቪንሴንት ሮበርትና አርቱሮ ካሳዴቫል በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 6 በመቶ ያህሉ የፈንገስ ዓይነት ማደግ እንደሚሳነው አሳይተዋል (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ግሪጎሪያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙቀቱን ተቋቁሞ የሚያልፈውን ፈንገስ የሚገጥሙት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ቆዳና እንደ ምራቅና እንባ ያሉ ፈሳሾች ናቸው፤ እነዚህ ሁሉ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መካከል ዋናዎቹ ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ማለት በሕያው አካል ውስጥ የሚካሄድን ኬሚካዊ ለውጥ ራሱ ሳያልቅ የሚያፋጥን ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ከእነዚህ ፕሮቲኖች መካከል የትኞቹ ፈንገስን በእርግጥ እንደሚከላከሉና የትኞቹ ደግሞ ይከላከላሉ ተብለው ብቻ እንደሚታመኑ ነው።

ጉዳዩ ለሐዲያና ለከምባታ ከተሞች ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ፣ ነዋሪው የሐኪም ማብራሪያ ሳያስፈልገው በስማቸው የሚጠራቸው የፈንገስ ሕመሞች አሉ፤ በልጆች ራስ ላይ ፀጉርን እየመለጠ የሚወጣው ቆረቆር፣ በገላ ላይ ክብ ሠርቶ የሚሰፋው ጭርት፣ የደረትንና የጀርባን ቆዳ ቀለም የሚለውጠው ቋቁቻ ይገኙባቸዋል። በኢትዮጵያ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች ከቆረቆር ሕሙማን ራስ በብዛት የተገኘው ፈንገስ ትራይኮፊተን ቫዮላሲየም ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ በየመናኸሪያው ዙሪያ በተደረደሩት ፀጉር ቤቶች ሳይጸዳ ከራስ ወደ ራስ የሚያልፍ ቶንዶስ ያሰራጨዋል። ከብቱና ሰዉ በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የገጠር ቤት ደግሞ ከጥጃ ወደ እረኛ የሚሻገር ሌላ ጭርት አለ፤ አምጪው ትራይኮፊተን ቬሩኮሰም ይባላል። ከቆዳ አልፈው ወደ ውስጥ ከሚዘልቁት መካከል የኤችአይቪ ሕሙማንን የአንጎል ሽፋን የሚያጠቃው ክሪፕቶኮከስና፣ የጋሪ ፈረስን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ሂስቶፕላዝማ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት የሚሹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ባወጣው የመጀመሪያው የፈንገሶች ዝርዝር ከተካተቱት 19 የፈንገስ ዓይነቶችና ምድቦች መካከል ክሪፕቶኮከስ ኒዎፎርማንስ አሳሳቢነቱ ከፍተኛ በሆነው ደረጃ ተመድቧል።

ኢንዛይሞቹ የሚገጥማቸውን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ የፈንገስን ሕዋስ ግድግዳ ማወቅ ይገባል። ግድግዳው የአገሬው ጭቃ ቤት አሠራር አለው፤ ካይቲን የተባለው ጠንካራ ረጅም የስኳር ሰንሰለት እንደ ማገር ሆኖ ይቆማል፣ ግሉካን የተባለው ሌላ የስኳር ሰንሰለት እንደ ጭቃው ይሞላዋል፣ ከውጭ ደግሞ ማናን የሚባል ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ይለስኑታል። አጥቢ እንስሳት ካይቲንንም ሆነ ይህን ዓይነቱን ግሉካን በገዛ ሰውነታቸው ስለማይሠሩ፣ ሁለቱም ለበሽታ መከላከያው ሥርዓት የባዕድ ምልክት ናቸው። ጎርደን ብራውንና ሲያመን ጎርደን በ2001 ይፋ ያደረጉት ዴክቲን-1 የተሰኘው የነጭ የደም ሕዋስ ተቀባይ ግሉካንን ለይቶ በማወቅ ማንቂያውን ያስተላልፋል። ከዚህ በመነሣት፣ ግድግዳውን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች የመከላከያው ዋና ክንድ ናቸው ብሎ መገመት ተፈጥሯዊ ነው፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። በሰው ልጅ ላይ ጉድለታቸው ጎልቶ የሚታየው ግድግዳውን የሚቆርጡት ሳይሆኑ፣ ኦክስጅንን ወደ መርዝነት የሚለውጡት ኢንዛይሞች ናቸው።

ከቆራጮቹ መካከል በቅድሚያ የታወቀው ላይሶዛይም ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1922፣ በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያሟሟ ነገር እንዳለ ገለጸ፤ ይኸው ፕሮቲን በ1965 በኤክስሬይ አማካይነት ቅርጹ የተነበበለት የመጀመሪያው ኢንዛይም ለመሆን በቃ። ላይሶዛይም በዋነኛነት የሚቆርጠው የባክቴሪያን ግድግዳ ቢሆንም፣ የሚበጥሰው የስኳር ማያያዣ በካይቲን ውስጥ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል ካይቲንንም በዝግታ ይቆርጣል። ካንዲዳ በተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ላይም ጉዳት እንደሚያደርስ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ይሁንና የጉዳቱ ከፊል ከመቁረጥ ሥራው የመጣ ሳይሆን፣ ፕሮቲኑ ራሱ ጠንካራ አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የፈንገሱን ሽፋን ከማናጋቱ የመጣ ነው። የእናት ጡት ወተት የላይሶዛይም መጠን ከላም ወተት በሺህ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ሲሆን፣ የባዝራ ወተትም እንዲሁ ባለጸጋ ነው። ላም በበኩሏ ኢንዛይሙን ለሌላ ሥራ አውላዋለች፤ በአራተኛው የጨጓራዋ ክፍል በብዛት የሚመነጨው ላይሶዛይም ከፊተኛው ሆድ የሚወርዱትን ባክቴሪያዎች ይፈጫል። በዚያው ሆድ ውስጥ ሣርን የሚያፈርሱ ኦክስጅን የማይሹ ፈንገሶች መኖራቸውን ኮሊን ኦርፒን በ1975 አረጋግጧል፤ ስለዚህ ፈንገስ ለአጥቢ እንስሳ ሁልጊዜ ጠላት እንዳልሆነ፣ ኢንዛይምም ሁልጊዜ ለጦርነት እንዳልተሠራ ከላሚቱ ሆድ መረዳት ይቻላል።

ካይቲንን ለመቁረጥ ተብለው የተሠሩት ኢንዛይሞች ካይቲኔዝ ይባላሉ። ሰውና አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ሁለት ዓይነት አላቸው፤ አንደኛው አሲድ በበዛበት ጨጓራና በሳንባ የሚገኘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማክሮፌጅ ከሚባሉት በላተኛ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚመነጨው ካይቶትራዮሲዴዝ ነው። የሁለተኛው ግኝት በአጋጣሚ የመጣ ነበር። በ1994 ካርላ ሆላክ፣ ዮሐንስ አርትስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአምስተርዳም ጎሼ የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የስብ ክምችት ሕመም ሲያጠኑ፣ በሕሙማኑ ደም ውስጥ የዚህ ኢንዛይም እንቅስቃሴ ከጤነኛ ሰው በብዙ መቶ እጥፍ በልጦ አገኙት። ሰው ካይቲን ስለማይሠራ ካይቲን ቆራጭ ኢንዛይም ምን ያደርግለታል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ፤ መልሱም ፈንገስንና ጥገኛ ትላትልን ይከላከልበታል የሚል ሆነ። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አልጠፋም። በላቦራቶሪ የተመረተው የሰው ካይቶትራዮሲዴዝ የክሪፕቶኮከስን ዕድገት ገትቷል፣ ካንዲዳ ወደ ረጅም ክርነት እንዳይለወጥ አግዷል፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው እንዲቀንስ በተደረጉ አይጦች ላይ ደግሞ በካንዲዳና በአስፐርጊለስ የሚደርሰውን ሞት ቀንሷል፤ ይህ ውጤት በ2005 ታትሟል።

ይሁን እንጂ የዘር መረጃው ሌላ ይናገራል። የኢንዛይሙን ዘረመል የሚያበላሽ የ24 ፊደል ድግግሞሽ መኖሩ በ1998 የታወቀ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከ100 ሰዎች 6 ያህሉ ከእናትም ከአባትም ወርሰውት ኢንዛይሙ ጨርሶ የላቸውም፤ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ድግግሞሹ ከዚህም በእጅጉ የተስፋፋ ነው። እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፤ በፈንገስ ሕመም ጎልተው አይታዩም። በአንጻሩ በቡርኪና ፋሶና በቤኒን የተደረገው ጥናት ይኸው ጉድለት ከሰሐራ በታች እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ስላመለከተ፣ ፈንገስና ጥገኛ ትል በሚበዛበት አካባቢ ኢንዛይሙ ስለሚያስፈልግ ተጠብቆ ቆየ፣ ንጽሕና በተሻሻለበት ዘንድ ግን ጠፋ የሚል መላምት ተሰነዘረ። መላምቱ ለጆሮ ይጥማል፤ የምሥራቅ እስያው መረጃ ግን አይደግፈውም፤ ጥገኛ ትል በእስያ ገጠሮችም ለዘመናት ሲበዛ ኖሯልና።

ይበልጥ የሚያስገርመው በ2015 የታተመው የክሪፕቶኮከስ ጥናት ነው። በአይጦች ሳንባ ውስጥ ካይቶትራዮሲዴዝ የፈንገሱን ካይቲን ሲቆራርጥ፣ ከቁርጥራጩ የሚነሣው ምልክት የበሽታ መከላከያውን ሥርዓት ወደ አለርጂ መሰል አቅጣጫ እንደሚመራውና ይህም ሕመሙን እንደሚያባብሰው ታወቀ። በዚህ ረገድ ኢንዛይሙ ከገዳይነት ይልቅ አመልካችነት ይታይበታል፤ የባዕዱን ግድግዳ ቁራጭ አውጥቶ ያሳያል፣ ሰውነት ለዚያ የሚሰጠው ምላሽ ግን አንዳንዴ ጠቃሚ፣ አንዳንዴም ጎጂ ይሆናል። የጨጓራውና የሳንባው ካይቲኔዝም ሁለት ገጽታ አለው፤ በ2004 ከአስም ጋር በተያያዘ እብጠት ተከሷል፣ በ2017 ደግሞ ኢንዛይሙ የሌላቸው አይጦች በሳንባቸው ካይቲን እየተከማቸ ለጉዳት እንደሚዳረጉ ተረጋግጧል። ስለዚህ ካይቲኔዝ ፈንገስ ገዳይ ነው ከማለት ይልቅ የሳንባ ጽዳት ሠራተኛ ነው ማለት ለማስረጃው ይቀርባል።

ከዚህ የተለየ ክብደት ያለው ሁለተኛው ቡድን፣ ማለትም ኦክስጅንን ወደ መርዝነት የሚለውጡት ኢንዛይሞች ቡድን ነው። ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ፈንገስን በዋጠ ቅጽበት፣ በዋጠበት ከረጢት ሽፋን ላይ ናድፒኤች ኦክሲዴዝ የተሰኘ ኢንዛይም ከየክፍሉ ተሰባስቦ ይገጣጠማል፤ ከዚያም ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን በማሻገር ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ ቅርጽ ይፈጥራል፣ ይህም ወዲያው ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። የዚህ ኢንዛይም ጉድለት የሚያስከትለው ሕመም ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል፤ በ1950ዎቹ የተገለጸ ሲሆን ከ200,000 እስከ 250,000 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። ሕፃኑ ለአብዛኛው ተሐዋሲ የሚበቃ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር አለው፤ ሕዋሱም ይውጣል፤ የዋጠውን ግን አይገድልም። ለእነዚህ ልጆች ከፍተኛው ሥጋት አስፐርጊለስ ነው፤ ይህም ከሻገተ እህል፣ ከበሰበሰ ገለባና ከአቧራ ጋር ማንም ሰው በየቀኑ የሚተነፍሰው፣ ጤነኛ ሳንባ ግን ከቁብ የማይቆጥረው ሻጋታ ነው። ኢትራኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለመከላከያነት መውሰድ ሕመሙን እንደሚቀንስ በ2003 የታተመ የሕክምና ሙከራ አሳይቷል። ከሁሉም የጉድለት ዓይነቶች የአንድ ኢንዛይም መጥፋት በአንድ ፈንገስ መሞትን እንዲህ በግልጽ የሚያስከትልበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት አዳጋች ነው። ኢንዛይሙ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ናድፒኤች ከተባለው ሞለኪውል ሲሆን፣ ይህንን የሚያመነጨው በወባ ሕክምና ምክንያት በስሙ የሚታወቀው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ የጂ6ፒዲ ጉድለት እጅግ ሲበረታ ነጭ የደም ሕዋሱም መሣሪያውን ያጣል፤ ይህ ግን ከተለመደው መለስተኛ ጉድለት ጋር ሊምታታ አይገባም።

ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ቀጥሎ የሚመጣው ማይሎፐርኦክሲዴዝ ነው። ኢንዛይሙ አረንጓዴ ነው፤ የመግልና የአክታ አረንጓዴነት ከእርሱ የመጣ ሲሆን፣ የኒውትሮፊልን ደረቅ ክብደት እስከ 5 በመቶ ይይዛል። ሥራውም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ከክሎራይድ ጋር አዋህዶ ሃይፖክሎረስ አሲድ መሥራት ነው፤ ይህ አሲድ በየቤቱ ልብስ የሚነጣበት በረኪና ገዳይ ኃይሉን የሚያገኝበት ኬሚካል ነው። ሮበርት ሌረርና ማርቲን ክላይን በ1969፣ ካንዲዳ በመላ ሰውነቱ የተሰራጨበት አንድ ሕመምተኛ ማይሎፐርኦክሲዴዝ እንደሌለው፣ ኒውትሮፊሎቹም ካንዲዳን እየዋጡ መግደል እንደተሳናቸው ገለጹ። የሕክምና ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ግልጽ በሆነ ነበር። በኋላ በተደረገ ሰፊ የደም ምርመራ ግን ጉድለቱ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝና ከእነዚህም አብዛኞቹ ምንም ሕመም እንደማይሰማቸው ታወቀ፤ በካንዲዳ በብርቱ የሚጠቁት በተለይ የስኳር ሕመም የተደረበባቸው ናቸው። አንድ ኢንዛይም ብቻውን ቢጎድል ሌሎቹ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ ሌላ ችግር ሲጨመርበት ነው ጉድለቱ የሚገለጠው።

ፕሮቲንን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች፣ ኢላስቴዝና ካቴፕሲን ጂ፣ የከረረ ክርክር አስነሥተዋል። አንቶኒ ሲገልና ባልደረቦቹ በ2002፣ እነዚህ ሁለቱ የሌሏቸው አይጦች ኦክስጅንን መለወጥ እየቻሉ በካንዲዳ እንደሚሞቱ በማሳየት፣ ገዳዮቹ ቆራጮቹ ናቸው፣ የናድፒኤች ኦክሲዴዝ ሥራ እነርሱን ማንቃት ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ይሁንና ፓፒዮን-ሌፌቭር በተባለው ሕመም ምክንያት እነዚህ ቆራጮች በኒውትሮፊላቸው የማይሠሩላቸው ሰዎች በድዳቸውና በእጅ መዳፋቸው ይሠቃያሉ እንጂ ፈንገስ አይፈጃቸውም፤ ስለዚህ የአይጡ ውጤት ለሰው እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ኢላስቴዝ ሌላም ድርሻ አለው። በ2004 እንደታወቀው ኒውትሮፊል ሲሞት የዘረመል ክሩን በኢንዛይሞች ለውሶ እንደ መረብ ወደ ውጭ ይዘረጋዋል፤ ለመዋጥ እጅግ የረዘመውን የአስፐርጊለስ ክር የሚይዘው ይህ መረብ ሲሆን፣ በዘረመል ሕክምና ናድፒኤች ኦክሲዴዝ በተመለሰለት ልጅ ላይ የመረቡ አሠራር አብሮ መመለሱ በ2009 ተገልጿል።

በቆዳና በፈሳሾች ላይ ያሉት ኢንዛይሞች ባጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። ከቆዳ የሚመነጨው አርኤንኤዝ 7 በ2002 የታወቀ ሲሆን ካንዲዳንና የጭርትን ፈንገሶች ይጎዳል፤ እንደ ላይሶዛይም ሁሉ የመግደል ኃይሉ ከኢንዛይምነቱ ይልቅ ከፕሮቲኑ የኤሌክትሪክ ሙል የመጣ ይመስላል። በምራቅና በወተት የሚገኘው ላክቶፐርኦክሲዴዝ ደግሞ ታዮሳያኔት የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ፀረ ተሐዋሲነት ይለውጣል፤ በላም ወተት በብዛት ስለሚገኝ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወተትን ለማቆየት ይጠቀሙበታል፣ ወተቱ ሲፈላ ግን ይሞታል።

በኢትዮጵያ የዚህ ሁሉ ፈተና በአደባባይ የሚታየው በጋሪ ፈረስ እግር ላይ ነው። ሕመሙ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል፤ አምጪው ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም ፋርሲሚኖሰም ሲሆን፣ በኮርቻና በመጎተቻ ዕቃ ቁስል፣ በዝንብም ይገባል። በመጀመሪያ በሊምፍ ቧንቧ መስመር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካ እባጭ ይወጣል፤ እባጩ ይፈነዳል፣ መግል ያዣል፣ ይጠግጋል፣ አጠገቡ ደግሞ ሌላ ይፈነዳል። ጎበና አመኒ በ2006 ባሳተመው ጥናት በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው 18.8 በመቶ የሚሆኑት ታመው ተገኝተዋል፤ ሕመሙ በወይና ደጋ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ይበረታል። ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ በዚሁ ክልል ውስጥ ትወድቃለች፤ ለባለጋሪው ደግሞ ፈረሱ ሲታመም የዕለት ገቢው አብሮ ይቆማል።

መግሉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ማክሮፌጆቹ በእርሾ ታጭቀው ይታያሉ፤ ማለትም መዋጥ ተሳክቷል፣ መግደል አልተሳካም። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚያስረዳው የሰውን ሳንባ በሚያጠቃው የቅርብ ዘመዱ ላይ የተሠራው ምርምር ነው። ሂስቶፕላዝማ ራሱ የመከላከያ ኢንዛይሞች አሉት፤ ከሕዋሱ ውጭ የሚያወጣው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ ሱፐርኦክሳይዱን፣ ካታሌዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ያመክናሉ። ዴክቲን-1 የሚያውቀውን ግሉካን በሌላ ዓይነት ግሉካን ይሸፍነዋል፣ ከሽፋኑ አልፎ ብቅ የሚለውን ጫፍ ደግሞ በራሱ ግሉካን ቆራጭ ኢንዛይም ይመለምለዋል። ክሪፕቶኮከስም ላኬዝ በተባለ ኢንዛይም ሜላኒን ሠርቶ ከኦክስጅን መርዝ ይከለላል። እንግዲህ ፍልሚያው በኢንዛይምና በግድግዳ መካከል ብቻ ሳይሆን በኢንዛይምና በኢንዛይም መካከል ጭምር ነው፤ በዚህ ሚዛን ላይ ካይቲን ቆራጮቹ ቀላል ሚና ሲኖራቸው በኦክስጅን ለዋጮቹ ላይ ፈንገሱ ይህን ያህል መከላከያ ማዘጋጀቱ፣ የትኛው የአጥቢ እንስሳ መሣሪያ ከሁሉ እንደሚያሰጋው ይጠቁማል። ጭርት ላይ እብጠትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት ሲቀባ ቀይ ክቡ ደብዘዝ ብሎ ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን የሚስፋፋውም ይኸው የነጭ ሕዋሳት ምላሽ ስለሚታፈን ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ አምፎቴሪሲን የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለፈረሱ የሚሠራ ቢሆንም ዋጋው ከባለጋሪ አቅም በላይ ነው። በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት የእንዶድ ፍሬ ጭማቂ የዚህን ፈንገስ ዕድገት በላቦራቶሪ እንደሚገታ አሳይቶ በታመሙ ፈረሶችም ላይ ሞክሮታል። ከሁሉም ርካሹና ከኢንዛይሞቹ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን አዮዳይድ ነው። ሌረር በ1969 ባደረገው ሌላ ሙከራ፣ ማይሎፐርኦክሲዴዝ በክሎራይድ ምትክ አዮዳይድ ሲሰጠው ካንዲዳን እጅግ በብርቱ እንደሚገድል በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አሳይቶ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ለፈረስም ሆነ ስፖሮትሪኮሲስ ለሚባለው የሰው የቆዳ ፈንገስ የሚሰጠው አዮዳይድ የሚያድነው ኢንዛይሙን በማገዝ ነው የሚል እምነት አደረ። ጆን ሬክስና ጆን ቤኔት በ1990 ጤነኛ ፈቃደኞች ፖታሲየም አዮዳይድ እንዲወስዱ አድርገው ነጭ የደም ሕዋሶቻቸውን ከስፖሮትሪኮሲሱ ፈንገስ ጋር ሲያገናኙ ግን የመግደል ኃይላቸው ከመድኃኒቱ በፊት ከነበረው አልጨመረም፤ ከዚያ ወዲህ አዮዳይድ በእብጠቱና በእባጩ ላይ በቀጥታ ይሠራል የሚለው አስተያየት ሚዛን እየደፋ መጥቷል፣ መድኃኒቱም አሠራሩ ሳይለይለት እስከ ዛሬ ይታዘዛል።